የመጽሐፍ እንግሊዝኛና የአፍ እንግሊዝኛ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገርበት ጉዳይ ታላቅ የፍልስፍና ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ስለምንፈልገውና በየቀኑ ስለሚያጥረን ስለ ተራው እንግሊዝኛ ነው። ተራ ስንል መናቃችን አይደለም፤ ሰው ሰላም የሚልበትን፤ ዕቃ የሚጠይቅበትን፤ «አልገባኝም» የሚልበትን፤ ሳያስቀይምም «አይሆንልኝም» ብሎ የሚመልስበትን ንግግር ማለታችን ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃነቷን ከመለሰች በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶች የፈረንሳይኛን ስፍራ ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በዚሁ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለእኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሌላው ትምህርት ሁሉ የሚገባበት በር ነው። ሆኖም ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሁለት ገጽ ሙሉ ለመጻፍ የሚችለው ተማሪ፤ መምህሩ ፈጥነው ሲናገሩ «እባክዎ ይድገሙልኝ» የሚልበት ሐረግ ጠፍቶት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በክፍል ውስጥ ግን ዝምታ ዕዳ ነው፤ ወለዱም የሚከፈለው በፈተና ቀን ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የቃላት ማነስ ይመስለዋል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። እንግሊዛዊው ኦግደን በ1930 እ.ኤ.አ. ቤዚክ ኢንግሊሽ ብሎ ያወጣው ዝርዝር 850 ቃላት ብቻ ነበሩት፤ ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ደግሞ 2,000 ያህል ነው። ከእነዚህ የማናውቀው ጥቂቱን ነው። የሚያስቸግረን ቃሎቹ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ነው። ፑት ማለት ማስቀመጥ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ፑት ኦን ልብስ መልበስ፤ ፑት ኦፍ ቀጠሮ ማስተላለፍ፤ ፑት አውት እሳት ማጥፋት፤ ፑት አፕ ዊዝ መታገሥ ይሆናል። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። በአማርኛም «አለ» ማለት «ተናገረ» ነው ብሎ የተማረ የውጭ አገር ሰው፤ «ዝም አለ»፤ «ብድግ አለ»፤ «ቀዝቀዝ አለ» ሲባል ቢሰማ ማን ምን እንደ ተናገረ ግራ ይገባዋል። እኛ ይህን ከእናቶቻችን አፍ እንደ አንድ ቃል አድርገን ተቀበልነው እንጂ ለያይተን ከመዝገበ ቃላት አልፈለግነውም። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ሐረግ በሐረግ መያዝ ይገባናል።

ሁለተኛው ምክንያት የአስተያየት ልዩነት ነው። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ሰው ጉንፋንን ይይዛል፤ አይ ኮት ኤ ኮልድ ይባላልና። በአማርኛ አውቶቡስ ከሰው ያመልጣል፤ በእንግሊዝኛ ሰው አውቶቡሱን ይስታል፤ አይ ሚስድ ዘ ባስ ይላሉ። «አልመጣም?» ተብለን ስንጠየቅ አለመምጣቱን ለማረጋገጥ «አዎ» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ለዚሁ መልሱ ኖ ነው፤ የስ ካልን መጥቷል ማለታችን ይሆናል። በዚህች በአንዲት ቃል ምክንያት ስንት ቀጠሮ ሊበላሽ እንደሚችል አስቡት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የአክብሮት ነገር ነው። እኛ አክብሮትን የምናኖረው በግሡ ውስጥ ነው፤ «ይስጡኝ» ስንል ክብሩ በቃሉ ውስጥ አለ። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለአንተም፤ ለአንቺም፤ ለእርስዎም ያለው ዩ ብቻ ስለሆነ፤ «ይስጡኝ»ን ጊቭ ሚ ብለን ብንገለብጠው ክብሩ በመንገድ ይወድቅና ትእዛዝ ይሆናል። እንግሊዞች ክብሩን ያኖሩት በዙሪያው ባለው ሐረግ ነው፤ ኩድ ዩ ጊቭ ሚ ወይም ውድ ዩ ማይንድ ይላሉ። እንቢ ሲሉም አይ አም አፍሬድ አይ ካንት ይላሉ፤ ቃል በቃል ቢተረጐም «እንዳልችል እፈራለሁ» ይመስላል፤ የሚፈራ ግን ማንም የለም፤ «ይቅርታ፤ አይሆንልኝም» ማለት ነው። ሰው እንቅፋት ሲመታው እኛ «እኔን!» እንላለን፤ እነሱም ምንም ጥፋት ሳይኖርባቸው ሶሪ ይላሉ። ይህን ያላጠና፤ በቤቱ ጨዋ የሆነ ልጅ፤ በእንግሊዝኛ ባለጌ ሊመስል ይችላል፤ ለሥራ ቀርቦ በሚጠየቅበት ቀንም ይህ ከሰዋስው ስሕተት ይልቅ ይጐዳዋል።

በዚህ ላይ የሚያሳስቱን ቃላት አሉ። ጎማ፤ ፍሬን፤ ካልሲና ፌርማታ ከጣሊያንኛ፤ ቢሮ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ የፈረንጅ ቃል ስለሆኑ ግን እንግሊዝኛ ይመስሉናል። እንግሊዝኛው ታየር፤ ብሬክ፤ ሶክስ፤ ባስ ስቶፕና ኦፊስ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ እያንዳንዳችን አነስተኛ ደብተር ይዘን በቀን አምስት ሐረግ እንጻፍ፤ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፤ ከጎኑም ለማንና መቼ እንደሚባል እንጻፍ፤ ለጓደኛ የሚባለው ሁሉ ለመምህር አይባልምና።

ሁለተኛ፤ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ሰዓት ይመድብልን። አንድ ሳምንት ስለ ገበያ፤ አንድ ሳምንት ስለ ሕክምና፤ አንድ ሳምንት ስለ ስልክ ጥሪ በእንግሊዝኛ ብቻ እንነጋገር። በዚያች ሰዓት መሳሳት የተፈቀደ፤ መሳቅ የተከለከለ ይሁን። አፋችንን ከዘጉት ነገሮች ሁሉ የጓደኛ ሳቅ የሚበልጠው የለምና።

ሦስተኛ፤ መምህሮቻችንን በትሕትና የምንለምነው፤ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ ካሉን በኋላ ጥቂት እንዲታገሡን ነው። ጥያቄው በልባችን በአማርኛ፤ በኦሮምኛ፤ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋችን ተዘጋጅቷል፤ እስኪሻገር ድረስ ጊዜ ይፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ይህን ሁሉ ያልነው በአማርኛችን መካከል የእንግሊዝኛ ቃል እየሰነቀርን እንድንኰራ አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏል። እንግሊዝኛ የዕውቀት መለኪያ አይደለም፤ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያም የሚጠቅመው እጅ ሲለምደው ነው። በሚመጣው ሳምንት በክፍል ውስጥ ያልገባው ተማሪ እጁን አውጥቶ ኩድ ዩ ሪፒት ዛት ፕሊዝ ቢል፤ የዛሬው ንግግራችን በከንቱ አልቀረም።