«በምን አወቅሽው?»



የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ አንድ ታካሚ ብቻ ላንሳ። ሰቆጣ በምሠራበት ጊዜ ከዝቋላ አንድ መሪጌታ መጡ። የዋጉን ዝቋላ ነው የምላችሁ፤ የአቦን ተራራ አይደለም። ደም ግፊት አለባቸው፤ የታዘዘላቸውን ኪኒን ግን ትተውታል። እኔም እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «ጨው ይቀንሱ፣ ኪኒኑን በየቀኑ ይዋጡ» አልኳቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «ልጄ፣ ሶቅራጥን አንብበሻል?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር!

ሶቅራጥስን ማለታቸው ነው። ያነበቡት መጽሐፈ ፈላስፋን ነው፤ አባ ሚካኤል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱትን። የሶቅራጥስ፣ የአፍላጦን፣ የአርስቶትል ናቸው የተባሉ ንግግሮች አሉበት። እኛ እነዚህን ሰዎች ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጋር የመጡ እንግዶች አድርገን ስናስብ፣ እሳቸው ከ500 ዓመት በፊት በግእዝ የገቡትን ነበር የሚያውቁት። በኋላ እኔም ክላውድ ሰምነር በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ያሳተሙትን የእንግሊዝኛ ትርጉም ፈልጌ አነበብኩ።

ሐኪሞችን ይበልጥ የሚመለከተን ጉዳይ ደግሞ አለ። የዚህ መጽሐፍ ዋና ምንጭ የሆነውን የዓረብኛ ስብስብ ያዘጋጀው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ራሱ ሐኪም ነበር፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ባግዳድ። የሮማ ነገሥታትን ያከመውን የግሪካዊውን የጋሌንን ሥራዎች የተረጎመው እሱ ነው፤ ለተተረጎሙት ባዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ 129 ያህል መዝግቧል። ጋሌን አንድ ነገር እንዴት እንደሚረጋገጥ የጻፈውን መጽሐፍ ፍለጋ ሜሶፖታሚያን፣ ሶርያን፣ ፍልስጤምን፣ ግብፅን አዳርሶ፣ ግማሹን ያህል ብቻ ደማስቆ ላይ አገኘ።

መሪጌታውም የፈለጉት ማረጋገጫ ነበር። «የማያመኝን በሽታ በምን አወቅሽው?» አሉኝ። ለካ ኪኒኑን የተዉት እንቢተኛ ሆነው ሳይሆን የነገራቸው ሰው ጠፍቶ ነው። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስሬ፣ ቁጥሩን አሳይቼ፣ ልብና ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን አስረዳኋቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ውጭ ተሰልፈው የሚጠብቁት አጉረመረሙ።

አሁን እያስተማራችሁ ያላችሁ መምህራን፣ ከሕክምና ታሪክ ክፍለ ጊዜ አንዷን ሰዓት ለዚህ መጽሐፍ ስጡልን፤ መሪጌታ ጋብዛችሁ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ሰውዬው በቀጠሯቸው ቀን መጡ። ግፊታቸው ወርዷል። ጨው ግን አልቀነሱም።