ስለ ፎርጂድ ብርና ስለ ሱቃችን ካሜራ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የዓመቱን ሒሳብ ሳነብ «የሐሰተኛ ብር ኪሳራ፣ 800 ብር» የሚል አንድ መስመር ነበር። ምን ማለት ነው ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፤ ሰዓቱ ስለሄደ በአጭሩ አልፌዋለሁ። ዛሬ ኮሚቴው ጊዜ ስለሰጠኝ ያ 800 ብር እንዴት እንደጠፋና እኔ በእሱ ምክንያት ምን እንዳጠፋሁ ልንገራችሁ። ምክሩም ከዚያው ከታሪኩ ይወጣል።

ነገሩ የሆነው ቀዳም ሥዑር ማታ ነው። የባልትና ሱቃችን በዓል ሲደርስ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በርበሬ የሚያስመዝነው፣ ቅቤ የሚጠይቀው፣ «ቶሎ በሉኝ፣ ታክሲ ቆሞልኛል» የሚለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ገንዘብ የሚቀበሉት ገንዘብ ያዣችን ብቻቸውን ነበሩ። ስማቸውን እንዳልጠራ ነግረውኛል፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ስለሆነ አልጠራም።

ማክሰኞ ጠዋት የበዓሉን ሽያጭ ይዤ ባንክ ሄድኩ። የመስኮቷ ሠራተኛ ቆጥራ ስትጨርስ አራት ባለ 200 ብር ነጥላ ፊቴ ደረደረችልኝ። የሦስቱ ተከታታይ ቁጥር አንድ ነው። አንድ ቁጥር የሚታተመው በአንድ ብር ላይ ብቻ ስለሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ባንክ ሐሰተኛ ብር ሲያገኝ ያስቀረዋል፤ አይመልስላችሁም፣ በሌላም አይተካላችሁም። 800 ብሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ቢሮ ስገባ መመሪያችንን አወጣሁ። «የካዝና ጉድለት ሲገኝ ገንዘብ ያዥ ይተካል» ይላል። አነበብኩላቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈሉ፤ እኔም ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠኋቸው። በደረሰኝና በሒሳብ በኩል ምንም ስህተት አልነበረውም። በማግስቱ ግን ሁለት አባላት «ከቤታቸው ያመጡት ቢሆንስ?» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ሐሙስ ዕለት ከገንዘብ ያዥነት እንዲያነሷቸው ለኮሚቴው ማመልከቻ አስገቡ። ማኅበሩ ገንዘቡን በካርቶን ሲያስቀምጥ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ቁልፍ የያዙት እሳቸው ናቸው።

ካሜራውን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ከደጋፊዎቻችን በተገኘ ገንዘብ ገዝተን፣ አንድ የሰፈር ልጅ ገጥሞልን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። በስልኬ ከፍቼ ቅዳሜን መረጥኩ፤ ሰዎቹ የበዙት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስለነበር 12 ሰዓት ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተመለከትኩ። የሚያጠራጥር ነገር የለም። ለኮሚቴው «ካሜራው ላይ ምንም አልተገኘም» ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ልብ በሉ፤ በበሩ በኩል ፀሐይ ሲገባ እያየሁ ነው! ካሜራው በፈረንጆች ሰዓት እንደሚቆጥር የነገረኝ ያው የሰፈር ልጅ ነው፤ ለዚያውም ከሁለት ቀን በኋላ። ለካ እኔ ሳይ የነበረው የቀኑን ስድስት ሰዓት ነው። የምሽቱ 12 ሰዓት ካሜራው ላይ 18 ሰዓት ነው። የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ፣ ስድስት ሰዓት መደመር አቅቶኝ፣ የሰው ስም ሊጠፋ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። ካሜራ ያላችሁ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሰዓቱን ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ከካሜራው አጠገብ ሁለቱን አቆጣጠር የያዘ ካላንደር ስቀሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ካሜራም ስላለ በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሚሞሪ ካርዱ ጉዳይ ነው። ካርዱ ሲሞላ ካሜራው አዲሱን በአሮጌው ላይ ይደርበዋል። የእኛ የሚይዘው የስምንት ቀን ያህል ነበር፤ ቅዳሜን ያገኘነው ሊጠፋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንድ ነገር ተፈጥሯል ብላችሁ ስትጠረጥሩ፣ ክርክሩ ይቆይና መጀመሪያ ቅጂውን ወደ ስልካችሁ አውርዱት።

አሁን ወደ ማታው ልመልሳችሁ። 19 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይላል፤ በእኛ ምሽት አንድ ሰዓት ከ12 ማለት ነው። ኮፍያ ያደረገ ሰው በርበሬና ሽሮ አስመዝኖ አራት ብር ይሰጣል። ገንዘብ ያዣችን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ያያሉ፣ በጣታቸው ያሻሉ፣ ይቆጥራሉ። በትክክል መደረግ ያለበትን ነው ያደረጉት። ከዚያ ሰውየው እጁን ይዘረጋል፤ ዝርዝር አለኝ ብሎ ብሩን መልሶ ይወስዳል። ኪሱን ይፈትሻል። ቆይቶ «አይ፣ በቃ ይኸው» እንደሚል ሰው ራሱን ነቅንቆ የታጠፈ ብር ይመልስላቸዋል። እሳቸው አንዴ ያዩት ብር ስለሆነ በቀጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከኋላው ሰባት ሰው ተሰልፏል።

የተመለሰው ብር ያው የመጀመሪያው ነው ወይስ ሌላ? ካሜራው አያሳይም። በዚያ ርቀት የብር ክር ቀርቶ የብሩ ቁጥር እንኳ አይነበብም። ሰውየውንም ለፖሊስ መለየት አልተቻለም፤ ካሜራችን ኮርኒስ ሥር ስለተሰቀለ ያነሳው ኮፍያውን ብቻ ነው። ይህን የምናገረው ካሜራ ከተገዛ ሌባ ተያዘ ማለት የሚመስለን ብዙ ስለሆንን ነው። ሌባውን አልያዘልንም። ገንዘብ ያዣችን ብሩን አይተውና አሽተው እንደተቀበሉ ግን አሳየን። ኮሚቴው ያንን አይቶ 800 ብራቸውን መለሰላቸው፤ እኔም በአባላት ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መመሪያውም ተሻሽሏል፤ የምርመራው ሥርዓት ተጠብቆ ሐሰተኛ ብር ከተገኘ ኪሳራው የማኅበሩ ነው። ያቺ መስመር ሒሳቡ ላይ የገባችው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋፊዎቻችን፣ ገንዘቡ የተተካው ከሱቁ ትርፍ እንጂ እናንተ ለሥራ ማስኬጃ ከሰጣችሁት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ካሜራ በሩ አጠገብ በሰው ቁመት ልክ ሰቅለናል፤ ፊት የሚያነሳው እሱ ነው። ላይኛው መሳቢያውንና የሚቀባበሉትን እጆች እንዲያሳይ ተስተካክሏል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ከዋይፋይ ሳጥኑ ጋር በባትሪ ይሠራሉ። ኔትወርክ ቢጠፋ በስልክ ማየት አይቻልም እንጂ ካርዱ ላይ መቅዳቱን አያቋርጥም። በሞባይል ዳታ ከሩቅ የምታዩ ደግሞ የስልኩን ምስል ዝቅተኛው ጥራት ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ፓኬጁ በአንድ ቀን ያልቃል።

ስለ ፓስወርዱ ግን ትንሽ ልቆይበት። የሰፈሩ ልጅ ሰዓቱን ሊያስረዳኝ ሲመጣ ካሜራውን የከፈተው በራሱ ስልክ ነው። ሲገጥምልን የገባው በእሱ ስም ነበር፤ ለካ በዚያ ሁሉ ወራት ቤቱ ተቀምጦ የእኛን ሱቅ ማየት ይችል ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አልሠራም። ፓስወርዱ ግን ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች በተራ ናቸው፤ ይህንን ማን አይገምተውም? ደግሞም ካሜራው ድምፅ ይቀዳል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እኮ ቁጠባ እንሰበስባለን። ባሏ ሳያውቅ የምትቆጥብ እህት አለች። የቤቷን ችግር ነግራን አልቅሳ የምትሄድ አለች። ማን ስንት እንዳስገባች፣ ምን እንዳለች፣ ያንን ሁሉ በስልክ ከፍቶ የሚሰማ ሰው ሊኖር ይችል ነበር ማለት ነው። እኔን ከ800 ብሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ካሜራ ስታስገጥሙ ምዝገባው ከመጀመሪያው በባለቤቷ ስልክና ኢሜይል ይሁን። ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ገጣሚው ከቤት ሳይወጣ ለውጡ፤ የዋይፋዩንም እንዲሁ። መተግበሪያው በኮድ ማረጋገጥ የሚፈቅድ ከሆነ ክፈቱት። ሠራተኛ ስትለቅ ስልኳን ከዝርዝሩ አውጡ። የእኛው አሁን በሊቀመንበሯና በእኔ ስልክ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ድምፁ ተዘግቷል፤ የቁጠባ ጠረጴዛውንም ከካሜራው እይታ ውጭ አዙረነዋል። በሩ ላይ «ካሜራ አለ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈናል። ቤት ውስጥ የምትሰቅሉ ካላችሁ መኝታ ቤትና የቤት ሠራተኛዋ የምትተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይሆንም።

ወደ ብሩ እንምጣ። አሁን የምንጠቀምባቸው የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተቀየሩት ናቸው፤ ባለ 200ውም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ያኔ ነው። የድሮዎቹ ዛሬ አያገለግሉም፤ ሳጥን ውስጥ የተረሳ ባለ 100 አውጥቶ ሊገበያይ የሚመጣ ሰው ግን አሁንም አይጠፋም።

ምርመራው በእጅ ይጀምራል። የእውነተኛው ብር ወረቀት እንደ ደብተር ወረቀት የለሰለሰ አይደለም፤ ጠንከር ይላል፣ ሲነካ ድምፅ አለው፣ ህትመቱ ላይ በጥፍር ስታልፉበት ጎርበጥ የሚል ቦታ አለ። ቀጥሎ ወደ መብራት ማየት ነው። የውሃ ምልክቱ ከወረቀቱ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁት በግልጽ ከታያችሁ ከላይ የታተመ ነውና ጠርጥሩ። ክሩ ወደ መብራት ሲያዝ ሳይቆራረጥ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። በመጨረሻ ዘንበል ቀና አድርጉት፤ በትልልቆቹ ብሮች ላይ የሚያብለጨልጨው ምልክት ከብርሃኑ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶ ኮፒ ላይ ግን ዝም ይላል። በአንዱ ብቻ አትፍረዱ። ብር ሲያረጅ ይለሰልሳል፤ በዘይት የነካካ የገበያ ብርም አለ። ስትጠራጠሩ ከምታምኑት ሌላ ባለ 200 ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት፤ ብዙ ከሆነ ተከታታይ ቁጥሩን እዩ። ትንሿ ሐምራዊ መብራትም ትረዳለች። ተራ ወረቀት ከሥሯ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ የእውነተኛው ብር ወረቀት ደብዘዝ እንዳለ ሆኖ አንዳንድ ምልክቶቹ ብቻ ይበራሉ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከእጃችሁ ወጥቶ የተመለሰ ብር አዲስ ብር ነው። አንድ ደቂቃም ቢሆን። እንደገና ቁጠሩት፣ እንደገና እዩት። ደንበኛው «አሁን አይተሽው የለም ወይ» ብሎ ቢቆጣም ይቆጣ።

በእጃችሁ ላይ ፎርጂድ ካገኛችሁ ደግሞ ለሌላ ሰው አታሻግሩት። «እኔም ከሰው ነው የተቀበልኩት» ማለት አያድንም፤ እያወቁ መስጠት ወንጀል ነው። ከሰጣችሁ ሰው ጋርም ግብግብ አትግጠሙ፤ እሱም ተታሎ ሊሆን ይችላል። ብሩን ብዙ ሳትነካኩ ፖስታ ውስጥ አድርጉት፣ ሰዓቱንና ከማን እንደተቀበላችሁ ጻፉበት፣ ለፖሊስ ወይም ለባንክ አስረክቡ።

የዘንድሮው ፎርጂድ ወረቀት ብቻ አይደለም። «በቴሌብር ላክሁልሽ፣ ይኸው» ብሎ ስልኩን የሚያሳይ ሰው የሚያሳያችሁ የተቀነባበረ ፎቶ ሊሆን ይችላል። የተላከ አጭር መልእክትም ከማን ቁጥር እንደመጣ እዩ። ዕቃው የሚወጣው በራሳችሁ ሒሳብ ላይ ቀሪው መጨመሩን በራሳችሁ ስልክ ስታዩ ነው። ኔትወርክ የለም ከተባለ ዕቃው ኔትወርኩ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ብዙ አወራሁ። መመርመሪያ መብራቷን ይዤ መጥቻለሁ፤ ባንክ ያስቀረውን ፎርጂድ ባላመጣላችሁም ተራ ወረቀት አጠገቡ አድርገን እናነጻጽራለን። እያንዳንዳችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ባለ 200 አውጡና በየተራ ወደ ጠረጴዛው ኑ። የምታሳዩዋችሁ እኔ አይደለሁም፤ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። እትዬ፣ እስቲ ይምጡ።