የጃፓኖች ሻይና የእኛ ቡና
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ባህላችን ተናገር ቢሉኝ በጃፓን ሻይ ልጀምር ነው። ታገሡኝ።

በታክሲዬ ለዓመታት የማመላልሳቸው አንዲት ጃፓናዊት አዛውንት እዚሁ ሜልበርን በሚገኘው ቤታቸው ሻይ ጋበዙኝ። ጫማዬን አውልቄ ከሣር በተሠራ ምንጣፍ ላይ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ጣፋጭ ቀረበ፤ ሻዩ መራራ ነውና። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ በፊቴ ጠራርገው፣ አረንጓዴውን የሻይ ዱቄት በሙቅ ውኃ በቀርከሃ መምቻ መቱት። ጣሳውን ስቀበል አዙሬ፣ የክብር ፊቱን ከከንፈሬ አርቄ እንድጠጣ አሳዩኝ። ለአንድ ጣሳ ሻይ ይህ ሁሉ? አልሁ በሆዴ። ወዲያው ቄጤማው፣ የቡናው ቁሌት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ትዝ አለኝ። እኛስ ለአንድ ጀበና ስንት ሰዓት እንቀመጣለን!

ሴትዮዋ ይህንን ሠላሳ ዓመት እንደ ተማሩ፣ አሁንም አስተማሪ እንዳላቸው ሲነግሩኝ ግን ደነገጥሁ። ሥርዓቱን ያቀኑት ሴን ኖ ሪኪዩ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1591 ነው። ከእሳቸው የወረዱ ሦስት ቤቶች እስከ ዛሬ ደቀ መዝሙር ያስተምራሉ፤ የቤቶቹም አለቆች ወንዶች ናቸው። ወንዶች፣ ሰምታችኋል?

ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ እንዳነበብሁት፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው መጽሐፍ ጽፈውላታል። የዚያን ዘመን ምሁሮቻችን ከጃፓን ሊቀስሙ የፈለጉት ሥልጣኔዋንና ሕገ መንግሥቷን ነበር። እኔ ብጠየቅ ይህን ማስተማራቸውን እወስድ ነበር።

የእኛን ቡና የተሸከሙት እናቶች ብቻ ናቸው። ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ አድረው፣ ቅዳሜ ቡና ይቆላሉ። በፎቅ ቤቶቹ ውስጥ ዕጣኑ ሲጨስ የእሳት ማስጠንቀቂያው ይጮህባቸዋል፤ አንዷ መስኮት ትከፍታለች፣ አንዷ በፎጣ ታራግባለች። ልጆቻችን ላቴ ማዘዝ ያውቃሉ፤ የከተማው ካፌ ሰሌዳ ላይ «ይርጋጨፌ» የሚለውንም ያነባሉ። ጀበናው መቼ ከእሳት እንደሚወርድ ግን ማን ነገራቸው?

ቡና ጨዋታ ነው፣ ትምህርት ከሆነ ጣዕሙ ይጠፋል የሚሉኝ አሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው። ጃፓኖቹ ጸጥታ ይወዳሉ፤ እኛ ጸጥ ብለን ቡና ብንጠጣ ጎረቤት ምን ደረሰባቸው ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ጨዋታው ይቅር አላልሁም። እጅ ይልመድ ነው የምለው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ጓሮ ይፈቀድልን። የሚቆሉትና የሚያፈሉት ልጆቹ ይሁኑ፣ ወንዶቹም ጭምር፤ እናቶች ተቀምጠው ይቀዳላቸው፣ ሲሳሳቱም ይቆጧቸው። ከሰሉን እኔ አመጣለሁ፤ መኪና የሌላቸውን እናቶችም በታክሲዬ ቤታቸው አደርሳለሁ። ትርፍ ረከቦትና ሲኒ ያላችሁ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ለጸሐፊው አስመዝግቡ።