የአንገት ዕጢና የእርጉዝ እናት ጤና



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንቅርት፥ በተለይም የአንገት ዕጢዋ ስለ ደከመባት እርጉዝ እናት ነው።

በአንገታችን ፊት ለፊት፥ ከማንቁርት በታች፥ ታይሮይድ የሚባል ትንሽ ዕጢ አለ። ይህ ዕጢ ሆርሞን የሚባል ነገር እየሠራ ወደ ደማችን ይልካል። ሰውነታችን የሚሞቀው፥ የሕፃንም አንጎል የሚያድገው በዚህ ሆርሞን ነው። ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ከአፈር ወደ እህል ይገባል። በደጋው አገራችን ግን ጎርፍ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። ዕጢው አዮዲን ሲያጣ እየለፋ ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። አንገትን መነቀስ አያድነውም።

ሴት ስታረግዝስ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የፅንሱ ዕጢ ገና ሥራውን አልያዘም። ስለዚህ የእናቲቱ ዕጢ ለሁለት ይሠራል። በአንድ ምድጃ ለሁለት ቤት እንደ ማብሰል ነው። ዕጢዋ ደክሞ ካልታከመች ፅንሱ ሊወርድ ወይም ልጁ ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። የአዮዲን እጥረቱ ከበረታም መስማት የተሳነውና አእምሮው ያልዳበረ ልጅ ሊወለድ ይችላል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ድካም፥ ሌላው ሳይበርደው እሷን መብረድ፥ የሆድ ድርቀት፥ የቆዳ መድረቅ ነው። «ይህማ የእርግዝና ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ ይመሳሰላል። ስለዚህ የሚለየው በደም ምርመራ ነው። እንቅርት ያለባት ሁሉ ዕጢዋ ደክሟል ማለት አይደለም። እንቅርት ሳይኖራትም ዕጢዋ የደከመባት አለች።

አሁን ዋናውን ነገር እንንገራችሁ። «እርጉዝ ሴት ኪኒን አትዋጥ» ሲባል እንሰማለን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመዋጥስ ደግ ነው። ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን ግን ዕጢው ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ፅንሱን የሚጎዳው መዋጡ ሳይሆን ማቋረጡ ነው። እንዲያውም በእርግዝና ጊዜ ብዙውን ጊዜ መጠኑ ይጨመራል። የሚጨምረውም ሐኪም ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ውላ ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፥ በውሃ ትዋጥ። ቁርስና ቡናውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ታድርገው። ለእርጉዞች የሚሰጠው የደም ማነስ ኪኒን ብረት አለበት። አብሮ ከተዋጠ ይህኛውን እንዳይሠራ ይይዘዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በመካከላቸው አራት ሰዓት ይለፍ። ከወለደች በኋላም መድኃኒቱን እየወሰደች ማጥባት ትችላለች።

ላልታመምነውስ? በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ጨው ስንገዛ «አዮዲን ያለበት» የሚለውን ማሸጊያው ላይ እናንብብ። ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጠው። ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምረው። ጨው ግን የታመመችውን ሴት መድኃኒት አይተካም።

አባቶች ሆይ፥ ሆስፒታሉ ሩቅ ቢሆንም ኪኒኑ ሳያልቅ ገበያ እንደምትወጡ ሁሉ ውጡና አምጡ። ማንበብ የቻልንም የኪኒኑን ወረቀት ላልቻለችው ጎረቤታችን እናንብብላት።