ወይኑ ሰበብ ነው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ እዚህ የምቆመው ብዙ ጊዜ ስለ መዋጮና ስለ ደረሰኝ ለመናገር ነው። ዛሬ ግን ስለ ጎረቤቶቻችን ስለ ላቲና ሴቶች ልናገር። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በላንግሊ ፓርክ በአንድ አውቶቡስ አብረውን ይሳፈራሉ፤ ልጆቻቸውም ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። ብዙዎቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከጓደኞቿ ጋር በወር አንድ ዓርብ ማታ እየተሰበሰበች፣ ወይን ጠጅ ቀድተው ስለ ሕይወታቸው ይጫወታሉ። ጋብዛኝ ጥቂት ጊዜ ሄጃለሁ። ከእራት በኋላ ማዕዱ ሳይነሳ ተቀምጦ መጫወትን ሶብሬሜሳ ይሉታል። አበልጅ የሆኑ ሴቶች ኮማድሬ ይባባላሉ። እቁብም አላቸው፤ ሳልቫዶሮች ኩቹባል፣ ሜክሲኮዎች ታንዳ፣ ዶሚኒካኖች ሳን ይሉታል። በየተራ መጣልና በየተራ መብላት ነው፤ ከእኛ በስም እንጂ በሥራ አይለይም።

ዝምታውንም እንደኛ ያውቁታል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረታችን በስፓኝኛም አለ። ለሴት ልጅ ደግሞ «ዝም ስትዪ ታምሪያለሽ» የሚል ይጨምሩበታል። እንዲህ ተብለው ያደጉ ሴቶች ናቸው እንግዲህ ተሰብስበው የሚናገሩት።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ዶሎረስ ሁዌርታና ሴዛር ቻቬዝ በካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ሰው የሰበሰቡት በየሰዉ ቤት ነበር። ጥቂት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው የደረሰባቸውን ይናገራሉ፤ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ይባባላሉ። ያ ማኅበር በ1965 ወደ ታላቁ የወይን ለቃሚዎች አድማ ገባ። በኋላም 18 ላቲና ምሁራን ለዓመታት እየተገናኙ የሕይወት ታሪካቸውን ተነጋግረው በ2001 በመጽሐፍ አወጡት። እንዲህ ያለውን የራስን ሕይወት በራስ አፍ የመመስከር ልማድ ቴስቲሞኒዮ ይሉታል።

እኔ በሄድኩበት ቤት ሦስት ደንብ አለ። አንደኛ፣ ተራ የደረሳት እስክትጨርስ ማንም አያቋርጣትም። ሁለተኛ፣ ካልጠየቀች ምክር አይሰጣትም። ሦስተኛ፣ የተነገረው ከዚያ ቤት አይወጣም። ወይን የማትጠጣ ሴት ጭማቂ ይቀዳላታል፤ ተራዋ ግን እኩል ነው። ወይኑ ሰበብ ነው፤ ሰብሳቢው ደንቡ ነው።

ስለዚህ የሰማሁትን አልነግራችሁም። አንዷ ብቻ «ለእህቶችሽ ንገሪያቸው» ብላ ፈቅዳልኛለች። ለእናቷ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች። እናቷ ልጃቸው ቢሮ የምትሠራ ይመስላቸዋል፤ እሷ የምትሠራው የሰው ቤት ጽዳት ነው። ሥራ ሲቀንስባት፣ የምትልከው እንዳይጎድል በክሬዲት ካርድ እየተበደረች ትልክ ነበር። ይህን ስትናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ «እኔም» አለች፤ ቀጥላ ሌላዋ። ማንም አላዘነላትም፣ ማንም አልፈረደባትም። በሚቀጥለው ወር ግን የኩቹባሉን ተራ አስቀደሙላትና የካርዱን ዕዳ ዘጋች። ለእናቷ እስካሁን አልነገረቻቸውም።

እህቶቼ፣ ይህን የምነግራችሁ የእቁባችንን መዝገብ ስለምይዝ ነው። መዝገቡ «ከፍላለች» ይላል፤ ከየት አምጥታ እንደከፈለች አይልም። «አቋርጣለች» ይላል፤ ለምን እንዳቋረጠች አይልም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ሳይሰናበቱ የቀሩ እህቶች አሉ። ተራ ማስቀደም እኛም እንችል ነበር፤ ችግራቸውን የሰማነው ግን ከወጡ በኋላ፣ ያውም ከሌላ ሰው አፍ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገር ግን የሚደበቀው ሰሚው ስለሚያስፈራ እንደሆነም እንወቅ። ቡና ላይ ስለሌላ ሴት ብዙ እናወራለን፤ ስለራሳችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብለን እናልፈዋለን።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው፣ በወርኃዊ ስብሰባችን አቦልና ቶና እንደ ወትሮው ለወሬና ለእቁብ ይሁኑ፤ በረካ ሲቀዳ ግን አንዲት ሴት፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ስለራሷ ትናገር። ሦስቱ ደንቦች ይሠሩ፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝ። ሁለተኛው፣ የወሩ መጣያ እንደማይሞላላት ቀድማ ለእቁቡ ዳኛ የተናገረች ሴት ተራ መለዋወጥ ትችል ዘንድ በደንባችን ይጻፍ። የመጀመሪያው አፍ ይከፍታል፤ ሁለተኛው የተናገረችው ሴት እንድትጠቀም ያደርጋል። መናገር ብቻውን ዕዳ አይከፍልም።

ለምትደግፉን ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በየሪፖርቱ የአንዲት ሴት ታሪክ ከነፎቶግራፏ ቢወጣ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ገንዘባችሁ የት እንደዋለ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም በደረሰኝ አሳያችኋለሁ። የበረካው ጨዋታ ግን በሪፖርት አይገባም። አንዲት ሴት ታሪኳን ልታካፍላችሁ ከፈለገች ራሷ ትመጣለች፤ እኛ አናቀርባትም።

ሐሳቡን ከተቀበላችሁት በሚቀጥለው ወር እንጀምር። ጀበናው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣድ መዝገቡን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባለሁ፤ ከዚያ ተራው የእናንተ ነው።