ጠላቱ ከባሕር ማዶ፣ ወህኒው ለአገር ልጅ



«የውጭ ጠላት መጥቷልና ዝም በሉ» ማለት ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካም በሁለተኛው ፕሬዚዳንቷ ዘመን ቀምሳዋለች።

ጆን አዳምስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1797 ሥልጣን ሲይዙ ምክትላቸው የተቀናቃኙ ፓርቲ መሪ ቶማስ ጀፈርሰን ነበሩ። ሁለት ባላንጣ በአንድ ቤት! ፈረንሳይ ደግሞ የአሜሪካን የንግድ መርከቦች ትማርክ ነበር። ለድርድር የተላኩትንም የፈረንሳይ ሰዎች «መጀመሪያ ጉቦ» አሏቸው። ሕዝቡ በገነ።

ታዲያ የአዳምስ ፓርቲ፣ ፌዴራሊስት፣ ቁጣውን ምን አደረገበት? በ1798 መንግሥትን በሐሰት የሚያጥላላ ጽሑፍ ያወጣ እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ዶላር ይቀጣል ብሎ ደነገገ። ሕጉ ለፕሬዚዳንቱና ለምክር ቤቱ ከለላ ሲሰጥ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ዘለላቸው። ጀፈርሰንን መስደብ ይቻላል ማለት እኮ ነው!

የቬርሞንቱ ተመራጭ ማቲው ላየን በዚሁ ሕግ 4 ወር ታሰሩ። መራጩስ? እስር ቤት እንዳሉ መልሶ መረጣቸው።

በ1800 አዳምስ ከፈረንሳይ ጋር ታረቁ፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ግን ተሸነፉ። ሕጉም በ1801 ጊዜው አበቃ። ጀፈርሰን የተፈረደባቸውን ማሩ።

ወገኖቼ፣ መርከብ የማረከችው ፈረንሳይ፣ የታሰረው የአገር ልጅ! «ጠላት መጣ» ስትባሉ፣ መጀመሪያ ማን እየታሰረ እንደሆነ ተመልከቱ።