ከካንኩን የአንድ ቀን ጉዞ፤ ፍርስራሹ፣ ደሴቱና አልጋው
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



በሆቴልና በቱሪዝም ሥራ የተሰማራ ሰው አዘውትሮ የሚያነሣው ጥያቄ «ጎብኚው ምን ያያል?» የሚል ነው። ከዚህ የማያንስ ክብደት ያለው፣ ግን እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ደግሞ «ጎብኚው ሲመሽ የት ያድራል?» የሚለው ነው። አንድ ጥንታዊ ከተማ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ ሊያየው የመጣው እንግዳ እራቱን የሚበላውና አልጋ የሚከራየው በሌላ ስፍራ ከሆነ፣ ከዝናው ለአካባቢው ሕዝብ የሚደርሰው ፍርፋሪ ብቻ ነው። ለዚህ ጉዳይ በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳር ከተቆረቆረችው ከካንኩን ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ መግለጽ ያስፈልጋል።

ካንኩን እንደ ሌሎች ከተሞች በገበያ ወይም በወደብ ዙሪያ ቀስ በቀስ ያደገች አይደለችም፤ የተወለደችው በባንክ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሜክሲኮ ማዕከላዊ ባንክ ባለሙያዎች ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ሊያስገኝ የሚችል የባሕር ዳር ሲያጠኑ ቆይተው ከመረጧቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነበር። በዚያን ጊዜ ቦታው በሰባት ቁጥር ቅርጽ የተዘረጋ፣ ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ቀጭን የአሸዋ መሬት ነበር፤ በአንድ ወገኑ ክፍት ባሕር፣ በሌላው ወገኑ ኒቹፕቴ የሚባለው ውስጥ ገብ ውሃ ያዋስኑታል። ነዋሪ ከሞላ ጎደል አልነበረበትም። በ1970 ሥራው ተጀመረ፤ በ1971 ከኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ ብድር ተገኘ፤ በ1974 የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ እስከዚያ ድረስ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ይተዳደር የነበረው የኪንታና ሮ ግዛት ሙሉ ሥልጣን ያለው የፌዴራሉ አባል ክፍለ ሀገር ሆነ።

መሐንዲሶቹ ፕላኑን ሲያወጡ ሆቴሉን በአሸዋው ላይ፣ የሠራተኛውን ከተማ ደግሞ በዋናው ምድር ላይ መደቡ። እንግዳውና አስተናጋጁ የሚገናኙት በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲሆን የተደረገበት ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በከተማዪቱ መልክ ላይ ይታያል። ነገር ግን አሸዋና ሰማያዊ ባሕር ብዙ አገሮች አሏቸው። ካንኩንን ከሌሎቹ የለያት ከጀርባዋ ባለው ጫካ ውስጥ የማያ ሕዝብ ያነጻቸው ከተሞች መኖራቸው ነው። ስለዚህም ድንጋዩ የአልጋው ማስታወቂያ ሆነ፤ የአንድ ቀን ጉዞ የሚባለውም ንግድ ከዚህ ተነሣ።

የጉዞው ሥርዓት ይህን ይመስላል። አውቶቡሱ ማለዳ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ እንግዶቹን ይለቅማል፤ የሆቴሎቹ ረድፍ ረጅም በመሆኑ ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቺቼን ኢትዛ ሲደርስ ፀሐይ ወደ አናት ወጥታለች። ሌሎቹም አውቶቡሶች የሚደርሱት በዚያው ሰዓት ነው። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ጥላ የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጎበኘ በኋላ ምሳ ይበላል፤ ሴኖቴ በሚባለው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ባያዶሊድ በምትባለው አሮጌ ከተማ አደባባይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያም ሲመሽ ወደ ባሕሩ ዳር መመለስ ነው። ሴኖቴ ምን እንደሆነ መረዳት ለአገሩ ታሪክ ቁልፍ ነው። ሰሜን ዩካታን ከኖራ ድንጋይ የተሠራ ዝርግ ምድር በመሆኑ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ በላዩ ወንዝ ሆኖ አይፈስም። የድንጋዩ ጣሪያ በተደረመሰበት ቦታ የምድር ውስጥ ውሃ ይገለጣል፤ ጥንታውያኑ ከተሞችም እንዲህ ባለው ውሃ አጠገብ ተመሠረቱ። ይህ ቁም ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ለዋና በሚሰጠው አርባ ደቂቃ ውስጥ ተሰጥሞ ይቀራል።

በቺቼን ኢትዛ መካከል የቆመው ፒራሚድ በላዩ ካለው ቤተ መቅደስ ጋር 30 ሜትር ያህል ይረዝማል። በአራቱም ጎን ያሉት መወጣጫዎች እያንዳንዳቸው 91 ደረጃ አላቸው፤ ይህም 364 ሲሆን የላይኛው እርከን ሲታከልበት 365 ይሆናል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም ቀናት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማዕዘኑ ጥላ በሰሜኑ መወጣጫ ዳር ላይ ሦስት ማዕዘን ብርሃን እየደረደረ፣ ከግርጌው ከተቀረጸው የእባብ ራስ ጋር ሲገጥም እባብ ከላይ የሚወርድ ያስመስለዋል። አስጎብኚዎች ደግሞ እንግዳው ከደረጃው ፊት ቆሞ እንዲያጨበጭብ ያደርጉታል፤ የሚመለሰው ማሚቶ የኬጻል ወፍ ድምፅ ይመስላልና። ግንበኞቹ ይህንን አስበው ስለማድረጋቸው የተረጋገጠ ነገር የለም። ደኅና አስጎብኚ የሚለየው የሚታወቀውን ከሚወራው ነጥሎ በመናገሩ ነው፤ ዳሩ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲጨርስ የተገደደ አስጎብኚ ጭብጨባውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

በ2006 አንዲት ጎብኚ ወድቃ ከሞተች በኋላ ፒራሚዱን መውጣት ተከለከለ። ይህም ተገቢ ነው። የሚገርመው ሌላው ነው፦ ሐውልቶቹ የሕዝብ ንብረት ሆነው ሳለ የቆሙበት መሬት እስከ 2010 ድረስ በግል ባለቤትነት ይዞታ ሥር ነበር፤ በዚያ ዓመት የዩካታን መንግሥት በ220 ሚሊዮን ፔሶ ገዛው። በቅጥሩ ውስጥ ግን በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ከእንጨት የተቀረጸ ጭንብልና ጥልፍ የሚሸጡ የአካባቢው ማያዎች አሉ። ከባለሥልጣኖች ጋር ያላቸው ክርክር ብዙ ዓመት ያስቆጠረ ነው፤ ጎብኚዎችም ጩኸታቸውን ያማርራሉ። ቅሬታው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ምክንያቱ መመርመር አለበት። እንግዳው በአጠገቡ ባለችው በፒስቴ መንደር የማያድር ከሆነ፣ ምሳውም አስቀድሞ በካንኩን የተከፈለ ከሆነ፣ የመንደሩ ሰው ያንን እንግዳ የሚያገኘው በየትኛው ሰዓት ነው? ያለው ዕድል ያቺው የሁለት ሰዓት ጉብኝት ናት። ሻጩን ወደ ፒራሚዱ ሥር ያመጣው አውቶቡሱ የሚመለስበት ሰዓት ነው።

ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ቱሉም ትገኛለች። 12 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ፣ በሦስት ወገን በግንብ፣ በአራተኛው በባሕር የታጠረች ናት። ሕንጻዎቿ ከቺቼን ኢትዛ ጋር ሲወዳደሩ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት በታንኳ ይካሄድ ለነበረው የባሕር ንግድ ታላቅ ወደብ ነበረች። በ1518 የሁዋን ደ ግሪሃልባ መርከቦች በዚህ ጠረፍ ሲያልፉ ስፔናውያኑ ከሩቅ ያዩዋት ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ለጎብኚው ደጋግሞ የሚነገረው «ማያዎች በምሥጢር ጠፉ» የሚለው ተረት ነው። ይህ ደግሞ ከስሕተትም በላይ ነው። በ1847 በተነሣው ጦርነት የምሥራቁ ጫካ ማያዎች ከሜክሲኮ መንግሥት ተነጥለው ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ራሳቸውን አስተዳደሩ፤ ዋና ከተማቸው ቻን ሳንታ ክሩዝ በሠራዊቱ እጅ የወደቀችው በ1901 ነው። የዩካታን ማያ ቋንቋን የሚናገሩ ሰዎች ዛሬም ከ700,000 በላይ ናቸው። ጠፉ ከተባሉት መካከል ብዙዎቹ በሆቴሉ አልጋ የሚያነጥፉትና ቡና የሚቀዱት ናቸው።

ደሴቶቹ ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። ኢስላ ሙሔሬስ፣ ማለትም የሴቶች ደሴት፣ 7 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝም ስትሆን ከካንኩን በጀልባ በአጭር ጊዜ ይደረሳል። ስሟን ያገኘችው በ1517 የመጡ ስፔናውያን ኢሽቼል ለተባለችው አምላክ የተሠሩ የሴት ምስሎች ስላገኙባት ነው ይባላል። በደቡብ ጫፏ የነበረውን ትንሽ ቤተ መቅደስ በ1988 ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ ክፉኛ አፈረሰው። ከእርሷ በስተ ሰሜን ያለችው ኮንቶይ ግን ሆቴል የሌለባት የወፎችና የባሕር ኤሊዎች ማረፊያ ናት። በ1998 ብሔራዊ ፓርክ ስትሆን፣ በቀን የሚገባው ጎብኚ ከ200 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቁጥሩን የሚወስነው የጀልባው ስፋት ሳይሆን ደሴቷ የምትችለው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በአንድ ቀን ጉዞ ላይ አስቀድሞ ልክ የተበጀለት ስፍራ በዚያ ጠረፍ ብዙ አይገኝም።

የካንኩን አሸዋ ራሱ ለዘለቄታው የተሰጠ ሀብት አይደለም። ጊልበርት፣ ኋላም በ2005 ዊልማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ዳርቻውን ጠራርገው ወሰዱት፤ ሆቴሎቹ በአሸዋ ክምሩ ላይ ስለተሠሩ ባሕሩ የወሰደውን የሚተካ ክምችት አልቀረም። አሸዋ ከባሕር ወለል እየተመጠጠ በብዙ ወጪ ተመለሰ። ካለፈው ዐሥር ዓመት ወዲህ ደግሞ ሳርጋሶ የሚባል የባሕር ሣር በገፍ እየተተፋ ዳርቻውን ያገማል። ማዕበሉን የሚሰብረው ከጠረፉ ፊት ለፊት ያለው የኮራል ግንብ በመሆኑ ክፍለ ሀገሩ ኮራሉን መድን አስገባው። እንደ መኪና መድን መሆኑ ነው፤ በ2020 ዴልታ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመታም ካሣው ተከፍሎ የተሰባበረው ኮራል እንዲጠገን ረድቷል።

በታኅሣሥ 2023 የማያ ባቡር የተባለው መስመር ሥራ ጀመረ፤ በቺቼን ኢትዛና በባያዶሊድ አቅራቢያም ጣቢያ አለው። ለመሥመሩ ሲባል ጫካ ተመንጥሯል፤ በካንኩንና በቱሉም መካከልም የብረት ምሰሶዎች በምድር ውስጥ ዋሻዎች ላይ ተተክለዋል፤ በዚህ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ለአስተናጋጁ ሙያ ግን ዋናው ጉዳይ የባቡሩ ሰሌዳ ነው። የማታው ባቡር እንግዳውን ወደ ባሕሩ ዳር ለመመለስ የተመቸ ከሆነ የአውቶቡሱ ሥርዓት በሐዲድ ላይ ይቀጥላል። እንግዳው በባያዶሊድ ወይም በፒስቴ ካደረ ግን እራቱንና ቁርሱን እዚያው ይበላል፤ በሩ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ሲከፈትም ከፒራሚዱ ፊት ይቆማል። በዚያ ሰዓት አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን በመዘርጋት ላይ ናቸው፤ የካንኩን አውቶቡሶች ገና በመንገድ ላይ ናቸው።